አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ገዝቶ ለሰሜን ሸዋ መንገድ ማብቃት

ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንድ መኪና በአንድ ቀን ሦስት አገር ያያል። ማለዳ ደብረ ብርሃን ላይ መስታወቱ ውርጭ ለብሶ ያድራል። ረፋድ ላይ ታርማበር ጉም ይውጠዋል። ከሰዓት ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሾፌሩ ሹራቡን አውልቆ መስኮት ይከፍታል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ጫፍ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዷል ማለት ነው። ክረምት ላይ ደግሞ የእነዋሪን፣ የደነባንና የጅሁርን ዋልካ፣ ያንን የሚያጣብቅ ጥቁር ጭቃ፣ ጨምሩበት።

ለዚህ መንገድ ብዙ ሰው የሚመኘው ላንድክሩዘር ፒክአፕ ነው። አዲሱ አይቀመስም። አሮጌውም ረክሶ አያውቅም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው ተሰቀለ። ሰውም ያለውን ገንዘብ ሁሉ ለግዢው ያሟጥጥና ለጥገና ባዶ እጁን ይቀራል። ትልቁ ጣጣ እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው እንስማማ። የምትገዙት ወረቀቱንና ሻንሲውን (መኪናው የተሠራበትን የብረት አጽም) ነው። ሌላው ሁሉ ይሠራል። ስትሠሩት ደግሞ ከሚያስኬደው በፊት የሚያቆመውን ሥሩ። መኪና የሚገዛው ለዳገት ይመስላል፤ እኛ አገር የሚፈተነው ግን ቁልቁለት ላይ ነው።

   

የትኛው ይሻላል?

70 የሚባለው የላንድክሩዘር ዘር ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረት ነው። ለእኛ ሥራ የሚሆነው ዋን ኤችዜድ ሞተር ያለው ነው። ይህ ሞተር በ1990 እ.ኤ.አ. ወጣ። ስድስት ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ፣ ናፍጣ። ቱርቦ የለውም። ፖምፓውም ኢንጀክተሩም ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ ስለሆነ ደብረ ብርሃን ያለ ደህና መካኒክ ይፈታዋል።

ኮፈኑን ስትከፍቱ የሞዴል ሰሌዳው ላይ ኤችዜድጄ 75 ወይም ኤችዜድጄ 79 የሚል ታገኛላችሁ። 75 የሚለው የ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሞዴል ነው። ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ (የተደራረበ ዝርግ ብረት) ነው ያለው። 79 ከዚያ በኋላ የመጣው ሲሆን ከፊት ሞላ (ጥቅልል ስፕሪንግ)፣ ከኋላ ባሌስትራ አለው። ለወገብ 79 ይሻላል። እኔ ግን ሻንሲው ጤነኛ የሆነ 75 ባገኝ፣ ፏ ብሎ ከተቀባና ታሪኩ ከማይታወቅ 79 አስበልጠዋለሁ።

አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደጋ ላይ አቅም ያጣል። 3,000 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ ጋር ሲነጻጸር ከ25 እስከ 30 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ሞተሩ አየር ሲያንሰው ናፍጣውን በደንብ አያቃጥልም። ዳገት ላይ ትንሽ ጥቁር ጭስ ብታዩ አትደንግጡ። ሜዳ ላይም ጥቁር የሚተፋ ከሆነ ግን ነገር አለው።

ከመኪናው በፊት ወረቀቱ

ሊብሬውን በእጃችሁ ያዙ። ከዚያ ጨርቅ፣ የሽቦ ብሩሽና ባትሪ ይዛችሁ ከመኪናው ሥር ግቡ። የሻንሲ ቁጥሩ በቀኝ በኩል፣ ከፊት ጎማው አካባቢ፣ ብረቱ ላይ ተመትቶ ይገኛል። ጭቃውን ፈግፍጉና ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል፣ ቁጥር በቁጥር አመሳክሩ። ቁጥሩ ዙሪያ የመሞረጃ ወይም የብየዳ ምልክት ካያችሁ ያለ ወሬ ተነሥታችሁ ሂዱ። ሻጩ የሚነግራችሁን ታሪክ አትስሙ።

የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ሞተሩ ተቀይሯል ማለት ነው። ይህ የግድ ስርቆት ነው ማለት አይደለም። አሮጌ መኪና ላይ ሞተር መቀየር ያለ ነው። ግን መንገድ ትራንስፖርት መዝግቦት መሆን አለበት። ካልተመዘገበ ሻጩ ያስተካክል፤ እናንተ ከዚያ በኋላ ትከፍላላችሁ። "ስም ሲዛወር አብሮ ይስተካከላል" የሚል ደላላ አይጠፋም። ሲቸግራችሁ ስልክ የማያነሳውም እሱ ነው።

እነዚህ ፒክአፖች በብዛት በእርዳታ ድርጅቶች፣ በፕሮጀክቶችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የነበሩ ናቸው። የእርዳታ ድርጅት መኪና ከቀረጥ ነፃ የገባ ሊሆን ይችላል። ቀረጡ ተከፍሎ ከጉምሩክ ማስረጃ ካልመጣ ስሙ ወደ እናንተ አይዞርም። ማን ነው የሚከፍለው? ይህን በወሬ ሳይሆን በወረቀት ጨርሱ። በጨረታ ከገዛችሁ ደግሞ "ባለበት ሁኔታ" የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ካሸነፋችሁ በኋላ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) የለውም ብሎ መጮኽ የለም። ጨረታው ሲወጣ የመመልከቻ ቀን ይሰጣል፤ በዚያ ቀን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ።

ከመንገድ ትራንስፖርት የእዳና የእገዳ ሁኔታውን አጣሩ። ባንክ ይዞት ይሆናል፤ ፍርድ ቤት አግዶት ይሆናል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው መፈረም አለባት፤ ሴት ከሆነችም ባሏ። ያላገባ ከሆነ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያምጣ። በውክልና የሚሸጥ ከመጣ ውክልናው ውስጥ "መሸጥ" የሚል በግልጽ መጻፉንና ውክልናው አለመሻሩን አረጋግጡ። ስሙ ሳይዛወር በውክልና ብቻ ከእጅ እጅ የዞረ መኪና እኔ አልነካም።

መኪናውን ማየት

ለሻጩ ቀድማችሁ ደውሉ። "ጠዋት እንመጣለን፤ እባክህ ሞተሩን እንዳታስነሳው" በሉት። ስትደርሱ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱ። ሞቆ ከጠበቃችሁ አንድ የደበቀው ነገር አለ። ብርድ ላይ መነሣት የሚያስቸግር ናፍጣ ሞተር ከሞቀ በኋላ ጨዋ ነው። የደብረ ብርሃን ማለዳ ለዚህ ፈተና በነፃ የተሰጠ ዕድል ነው፤ ተጠቀሙበት።

ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። ውሃው ላይ ዘይት ተንሳፍፎ ከታየ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ወይም ከዚያ የባሰ ነው። ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ ከሆነ ባለቤቱ የወንዝ ውሃ ሲሞላበት ኖሯል። የዘይት መለኪያውን አውጡ። ዘይቱ መጥቆሩ የናፍጣ ሞተር ጠባይ ነው። ወተት የመሰለ ከሆነ ግን ውሃ ገብቶበታል።

አሁን አስነሱት። የማሞቂያ ካንዴላው መብራት እስኪጠፋ ጠብቁ፤ ከዚያ ሞተሪኖውን አዙሩ። ጥቂት ነጭ ጭስ ወጥቶ ቶሎ ከጠራ ብርዱ ነው። ሰማያዊ ጭስ ከቀጠለ ሞተሩ ዘይት ይበላል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታ አድርጉት። ቀለል ያለ ትንፋሽ ያለ ነው። ክዳኑን የሚያስነሳ ግፊትና ጭስ ካለ ፒስተንና ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ ሊወርድ ነው። ይህ ማለት አትግዙ ማለት አይደለም። የሞተር ማስወረጃውን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ቀንሱ ማለት ነው።

ሻንሲው ላይ ግን ድርድር የለም። ድንጋያማ መንገድ ላይ ሲጫንበት የኖረ መኪና ሻንሲው ይሰነጠቃል። በተለይ የኋላ ባሌስትራው የተንጠለጠለበት ቦታና የመሪው ሳጥን የታሰረበት ቦታ ላይ አተኩሩ። በትንሽ መዶሻ ኳ ኳ እያደረጋችሁ ሂዱ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የተበላ ብረት ድምፁ ይታፈናል። አዲስ ጥቁር ቀለም ሥሩ ብቻ ተቀብቶ ካያችሁ ለምን እንደተቀባ ጠይቁ። ደህና የተበየደና ድጋፍ ብረት የተደረገበት ስንጥቅ ሊኖር ይችላል፤ የተጣመመ ሻንሲ ግን ጎማ ሲበላ ይኖራል። መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ሲሄድ ከኋላ ሆናችሁ እዩት። ወደ ጎን ዘመም ብሎ የሚሄድ ከሆነ ተዉት።

ከፊት ጎማዎቹ ጀርባ ክብ የብረት ጉልላት አለ። ዙሪያው በዘይትና በቅባት ከጨቀየ የውስጡ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ላስቲክ) አልቋል። የብዙ ላንድክሩዘሮች በሽታ ነው፤ ይጠገናል። ግን ሳይጠገን ብዙ ከቆየ ኩሽኔታውን (ጎማው የሚዞርበትን ቤሪንግ) ይዞት ይሄዳል። የፊት ጎማውን በክሪክ አንሡና ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታ ነው ወይም ማዞሪያው ነው።

ቀጥሎ ፎር ዊሉ፣ አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክረው። አስፋልት ላይ አትሞክሩት፤ ማርሹን ያስጨንቃል። አፈር መንገድ ፈልጉ። የፊት ጎማዎቹ መሐል ላይ ያሉትን መቆለፊያዎች ወደ ሎክ አዙሩ። ብዙ መኪና ላይ ለዓመታት ሳይነኩ ስለሚቆዩ እሺ አይሉም። ከዞሩ ኤች 4 (ፈጣኑን)፣ ከዚያ መኪናው ቆሞ ኤል 4 (ዝግተኛውንና ጉልበታሙን) አስገቡና ትንሽ ዳገት ውጡበት። ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ቆማችሁ መርምሩ። "ፎር ዊሉ ይሠራል፤ ግን አንጠቀምበትም" ሲባል አይሠራም ማለት ነው።

መንዳት ሲሆን የግድ ዳገትና ቁልቁለት ያለበት ይሁን። ቁልቁለት ላይ በሦስተኛ ማርሽ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሡ። ማርሹ ራሱን ከነቀለ ካምቢዮው አልቋል። ፍሪሲዮኑን ለመፈተን የእጅ ፍሬን ያዙ፤ አራተኛ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ፍሬን ስትይዙ መኪናው ወደ አንድ ወገን ከሳበ ማስታወሻ ያዙ።

ኪሎ ሜትሩን አትመኑ። ማስመለስ ቀላል ነው። የፍሬንና የፍሪሲዮን መርገጫዎቹን ላስቲክ፣ የመሪውን ቆዳና የሾፌሩን ወንበር እዩ። እነሱ አይዋሹም።

መካኒኩን ራሳችሁ አምጡት፤ የራሳችሁን ገንዘብ ክፈሉት። ሻጩ ወይም ደላላው ያመጣው መካኒክ የእናንተ መካኒክ አይደለም።

ውሉ

አጭር ነው። ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ፊት ፈጽሙ። ሠፈር ውስጥ በሁለት ምስክር የተጻፈ ውል ላይ አትተማመኑ። የተከፈለውን ትክክለኛ ዋጋ ጻፉ፤ ነገ ውሉ ቢፈርስ የምትጠይቁት የተጻፈውን ነው። ገንዘቡ በባንክ ይተላለፍ። የደላላውን ኮሚሽን ማን፣ ስንት እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱንና ቦሎውን ቀን እዩ። ከዚያ ስም ማዛወሩን አታሳድሩት።

መጀመሪያ የሚሠራው

መኪናው የእናንተ ሆነ። አሁን ብዙ ሰው ባቲላሜራ ቤት ይወስደዋል። ተዉ። ቀለም መጨረሻ ነው።

ሥሩን በደንብ አሳጥቡት። ከዚያ ዘይቱን ሁሉ አውጡ፤ የሞተሩን፣ የካምቢዮውን፣ የፎር ዊሉን፣ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻሉን። ሞተሩ ብቻ ወደ 10 ሊትር የሚጠጋ ዘይት ይወስዳል፤ ዋጋውን አስቡበት። የሚወጣውን ዘይት በንጹህ ዕቃ ተቀበሉና ጣታችሁን ንከሩበት። ደቃቅ የብረት ብናኝ የተለመደ ነው። በጥፍር የሚያዝ የብረት ስባሪ ካለ ያ ክፍል ይፈታ። የዘይት፣ የናፍጣና የአየር ፊልትሮዎቹን አብራችሁ ቀይሩ። በናፍጣ ፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ የማፍሰሻ ብሎኗን ተለማመዷት። በጀሪካን የተቀዳ ናፍጣ ስትሞሉ በጣም ታስፈልጋችኋለች።

ታይሚንግ ቤልቱን (የቫልቮቹን አከፋፈት ከፒስተኑ ጋር የሚያስማማውን ቀበቶ) ሻጩ "በቅርብ ነው የተቀየረው" ቢልም ቀይሩት። የሚቀየረው በየ100,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን ኪሎ ሜትሩን አናምንም ብለናል። ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ፤ ከዚያ ሞተር ነው የምትገዙት። መወጠሪያውንም አብራችሁ ቀይሩ። ኦሪጅናል ፈልጉ። ቅጂው በመልክ አይለይም፤ ከታወቀ ሱቅ በደረሰኝ መግዛት ይሻላል።

ማቀዝቀዣው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ መካኒኮቻችን የሚያበላሹት እዚህ ነውና። መንዝ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። 3,000 ሜትር ላይ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተራችሁ ደግሞ የሚሠራው እዚያው አካባቢ ነው። ታዲያ ለምን ሁሌ አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ውሃውን አፍኖ ግፊት ስለሚፈጥርና መፍያውን ከፍ ስለሚያደርግ ነው። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግፊት አይይዝም። ስለዚህ ትልቅ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ክዳኑን ቀይሩ። ቀጥሎ የላይና የታች ጎማ ቱቦዎቹን፣ ቺንጋውን፣ ከዚያ ራዲያተሩን አስወርዳችሁ አስጠርጉት።

ቴርሞስታቱን ግን አታስወጡ። "መኪናው እንዳይሞቅ" እየተባለ የሚጣለው ነገር ሞተሩ ልኩ ሙቀት ላይ እንዲቆይ የሚያደርገው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቀኑን ሙሉ ሳይሞቅ ይውላል። ናፍጣ ይበላል፤ ቶሎም ያልቃል። ከተበላሸ አዲስ አስገቡ። ውሃውም ባዶ ውሃ አይሁን። ግማሽ በግማሽ ፀረ በረዶ ፈሳሽ ጨምሩበት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ውርጭ እንዳይረጋ ይጠብቃል፤ ቆላ ስትወርዱ መፍያውን ከፍ ያደርጋል፤ ዝገትም ይከለክላል።

ፍሬን

ቁልቁለቱን አትርሱት። ከታርማበር በደብረ ሲና አድርጎ ሸዋ ሮቢት፣ ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ፣ ወደ ጀማ በረሃ መውረጃው፤ ሁሉም ፍሬን ይፈትናሉ።

አራቱም ጎማ ይፈታ። የፍሬን ሸራዎቹን፣ ዲስኮቹን፣ ከኋላ ታምቡር ከሆነም ታምቡሩንና ሲሊንደሮቹን እዩ። ወደ ጎማዎቹ የሚወርዱት የላስቲክ ቱቦዎች ከተሰነጠቁ ወይም ፍሬን ሲረገጥ ካበጡ ይቀየሩ። ከኋላ አክሱ ላይ፣ ጭነቱን እያየ የኋላውን ፍሬን የሚመጥን ዘንግ ያለው ቫልቭ አለ። ብዙ መኪና ላይ ተነቅሎ በሽቦ ታስሮ ታገኙታላችሁ። ወደ ቦታው መልሱት።

የፍሬን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ቀይሩ። ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። እርጥበት ያለው ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። መርገጫው ወለል ድረስ ይገባል፤ መኪናው ግን አይቆምም። "ፍሬን በጠሰ" የሚባለው አንዳንዴ ምንም ሳይበጠስ እንዲህ ነው።

አነዳዱም የጥገናው አካል ነው። ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ። ናፍጣ ለመቆጠብ ብላችሁ በፎሌ (ማርሽ ነቅላችሁ) አትውረዱ። ሞተሩን አጥፍታችሁማ ጭራሽ አይሞከርም፤ የፍሬኑ እገዛ ከሞተሩ ጋር ይጠፋል። የታርማበር ጉም ሲመጣ ረጅሙን መብራት አታብሩ፤ ጉሙ መልሶ ዓይናችሁ ላይ ይረጨዋል። አጭሩንና ካለ የጉም መብራቱን ተጠቀሙ።

የፊት ኩሽኔታዎችና ፓራኦሊዮዎች ከፍሬኑ ጋር አብረው ይሠሩ፤ ጎማው አንዴ ተፈትቷል። የመሪ ቴስቲና፣ የባሌስትራ ቦኮላ፣ አሞርዛተርና ክሮቼራም በዚሁ ይታዩ። ቅባት የሚሞላባቸው ቀዳዳዎች ሁሉ ቅባት ይጠጡ። እነዚህ ላይ የምለው ብዙ የለኝም፤ የሚወዛወዘው ይቀየራል።

ጎማና ዋልካ

ዋልካ ላይ ሰፊ ጎማ ያምራል እንጂ ብዙ አይጠቅምም። ቀጭኑና ረጅሙ 7.50 በ16 ጎማ ላዩን ጭቃ ቆርጦ ሥር ያለውን ጠንካራ ይፈልጋል። ጥርሱ ሰፋ ሰፋ ያለ ይሁን፤ የተቀራረበ ጥርስ ዋልካው ሞልቶት ለስላሳ ይሆናል።

ብዙዎቹ አሮጌ ፒክአፖች ጎማቸው ካላማዳሪ (የውስጥ ላስቲክ) ያለው፣ ቸርኬያቸውም (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ባለ ቀለበት ነው። ይህን ቸርኬ የሚያውቅ ጎሚስታ ብቻ ይንካው። ቀለበቱ በደንብ ሳይቀመጥ አየር ከተሞላ ተፈንጥሮ ሰው ይገድላል። ከመፈታቱ በፊት አየሩ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ሲሞላ በሰንሰለት ይታሰር፤ ፊት ለፊቱ ማንም አይቁም። ልጆችን አባርሩ።

ጭቃው ሲብስ አየር መቀነስ ይረዳል። ባዶ መኪና ላይ ወደ 20 ፒኤስአይ ገደማ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ካላማዳሪ ያለውን ጎማ ግን ከዚያ በታች አታውርዱት። ጎማው ቸርኬው ላይ ይሽከረከርና የካላማዳሪውን ቫልቭ ይበጥሰዋል። አስፋልት ስትደርሱ ወዲያው ሙሉ፤ የእጅ ወይም በባትሪ የሚሠራ ፖምፓ አብሯችሁ ይኑር።

ፎር ዊሉን ዋልካው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት አስገቡ። ተቀርቅራችሁ፣ ጭቃ ውስጥ ተንበርክካችሁ የጎማ መቆለፊያ ማዞር አያስደስትም። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ይዛችሁ ሳትቆሙ ሂዱ። ጎማው ባዶውን ከዞረ ነዳጅ መስጠት አቁሙ፤ እየቆፈራችሁ ነው። አካፋ፣ ዶማ፣ ጠንካራ ገመድ፣ ሰንሰለትና ክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ ከመኪናው አይለዩ። ያለ ጣውላ ክሪኩ ራሱ ዋልካ ውስጥ ይሰምጣል።

ይህን ሁሉ ከሰኔ በፊት ጨርሱ። እንደውም በልግ የሚዘንብበት አካባቢ ከሆናችሁ ከየካቲት በፊት።

ኤሌክትሪክና ቀለም

ባትሪው ብርድ ላይ ይደክማል፤ አሮጌውን አታስታምሙት። የባትሪ ጫፎችን፣ ወደ ሻንሲው የሚሄደውን ሽቦና የመብራቶቹን መስመር አስፈትሹ። በዓመታት ውስጥ የተቀጣጠሉ ትርፍ ሽቦዎችን አስቆርጡ፤ እሳት የሚነሣው ከእነሱ ነው። ቀለሙን ገንዘብ ከተረፈ። ካልተረፈም ዝገቱን ፈቅፍቃችሁ ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡና ሥራ አስጀምሩት።

ውሃ መሻገር

ድልድይ ካለ በድልድዩ ሂዱ። ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ በኩል ባለው ቆላ፣ ደረቅ የሚመስል አሸዋማ ወንዝ ከላይ ደጋ ሲዘንብ ድንገት ይሞላል። እናንተ ጋ ፀሐይ ነው፤ ውሃው ግን እየመጣ ነው። የደፈረሰና ግንድ የሚያንከባልል ውሃ ካያችሁ ጠብቁ። አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓታት በኋላ ይጎድላል። የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ "አባቴ፣ በየት በኩል ነው የሚያሻግረው?" ማለት አያሳፍርም። መሻገሪያውን ከእናንተ በላይ ያውቃሉ።

የማያጣድፍ ውሃ ከሆነ መጀመሪያ ሰው በዱላ እየለካ ይሻገር። ሰው ሊቆምበት ያልቻለ ውሃ መኪናም ይገፋል። ጥልቀቱ ከጎማው ግማሽ ካለፈ፣ ስኖርክል ለሌለው መኪና እኔ አልመክርም። ናፍጣ ሞተር በአየር ማስገቢያው ውሃ ከሳበ ውሃው አይጨመቅም፤ ቢየላውን (ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ) ያጣምመዋል። ስለዚህ ውሃ መሐል ሞተሩ ከጠፋ ሞተሪኖውን አታዙሩ። በገመድ አስወጡት፤ የአየር ፊልትሮውን ክፈቱና እርጥብ መሆኑን እዩ። እርጥብ ከሆነ ኢንጀክተሮቹ ተፈትተው ውሃው እስኪወጣ ድረስ አይነሣም።

የፊትና የኋላ አክሶቹ መተንፈሻ አላቸው። የጋለ አክስ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በዚያች ቀዳዳ ውሃ ይስባል። በቀጭን የላስቲክ ቱቦ ወደ ላይ፣ ኮፈኑ ሥር ድረስ ማስረዘም ይቻላል። ማንኛውም ጋራዥ ይሠራዋል፤ ዋጋውም ትንሽ ነው።

በኤል 4፣ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ሳትረግጡ በዝግታና በአንድ ፍጥነት ተሻገሩ። ከወጣችሁ በኋላ ፍሬኑን ደጋግማችሁ እየነካችሁ አድርቁት። በማግስቱ ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሣ፣ የዲፈረንሻሎቹን ማፍሰሻ ብሎን ትንሽ ፈታ አድርጉ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ሥር ይተኛል፤ ቀድሞም የሚወጣው እሱ ነው። ንጹህ ዘይት ከወጣ መልሳችሁ እሰሩት። ውሃ ከወጣ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ አፍስሱና አዲስ ሙሉበት።